ተሸናፊ ይከፍላል

እናናየሁ ከተማ ልትገዛ ነው የሚለውን ወሬ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶት ነበር። ያውም በቅናሽ! ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው አንዲት ጎጆ መቀለሻ ቦታ አገኛለሁ ብሎ ፀጉሩ ሲሸብት፣ እሷ አንድ ሙሉ ከተማ ከነመንገዱ፣ ከነመብራቱ፣ ከነፍሳሹ፣ ከአራት እጅ ሦስቱ ተቀንሶላት ልትገዛ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ከተማው የኮምፒውተር ጨዋታ መሆኑ ሲነገራቸው ደግሞ ጎረቤቶቿን ባሰባቸው።

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው» አሏት።

«ወተቷን ቀምሼ ካልጣፈጠኝ እመልሳታለሁ» አለቻቸው።

እናናየሁ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ጌም ቤት አላት። ባሏ ኃይለ ገብርኤል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ኑሮው የደሴ መንገድ ላይ ነው፤ ሚስቱ ትዝ የምትለው ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሊገዛ ሲወርድ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን ማጫወቻ ለራሱ ብሎ ነበር ያመጣት። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሳሎኗን ሞልቶ «ጎል!» እያለ ልጆቿን ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስባት፣ «በነጻ ከምታደነቁሩኝ ከፍላችሁ አደንቁሩኝ» ብላ ክፍሏን ተከራየች። አሁን ሦስት ቴሌቪዥን አላት፤ አንዱ ላይ ሁልጊዜ ኳስ ነው።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ያሸነፈ ከወንበሩ አይነሳም። የተሸነፈ ከፍሎ ሲያበቃ ወይ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፣ ወይ «ድገም!» ብሎ ይጮኻል። ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያች ክፍል የሚወጣው ድምፅ ይኸው ነው፤ ድገም! ድገም! ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ የአብነት ትምህርት ቤት ነው ብሎ ቢሳለም አይፈረድበትም።

እናናየሁ ግን ይህቺን ቃል ከሁለት ወገን ነበር የምትሰማት። አባቷ መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ አንኮበር ውስጥ የአንድ ደብር ቄስ ናቸው። በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ ወሬ አያበዙም።

«ጸሎትሽን ትደግሚያለሽ?»

«እደግማለሁ አባባ።»

«ድገሚ።» ጥርቅም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ አትደግምም። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ገፍቶ መነሳት የቅዱሳን ሥራ ነው፤ እሷ ደግሞ ነጋዴ ናት። እግዜርም ይህን ያውቃል፤ የማያውቁት አባቷ ናቸው።

አባቷ እዚያች ክፍል ገብተው አያውቁም። ጥፋተኛው ዲያቆን ቃለ አብ ነው። ይህ የተባረከ ልጅ ከመምሬ ደብር ለትምህርት ደብረ ብርሃን መጥቶ፣ ከትምህርቱ የተረፈውን ጊዜ በሙሉ፣ ትምህርቱንም ጨምሮ፣ እናናየሁ ቤት ፈጀው። ለንግሥ አገሩ ሲመለስ ማኅሌት ቆሞ፣ መቋሚያውን ተደግፎ፣ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ። ከበሮው ድም ሲል ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ወርውሮ፣ «ጎል!» ብሎ ጮኸ። መሪጌታው ሳቃቸውን ሊያፍኑ ጸናጽላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ ይባላል። መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ ግን አልሳቁም።

«ይህን የት ነው የተማርከው?» አሉት ሲነጋ።

«እ... እትዬ እናናየሁ ጋ።»

ቀለጠች እናናየሁ! ምእመኑ በተሰበሰበበት «ሥርዓት የሌለው ቤት ነው። የልጄ ቤት ቢሆንም እግሬ አይረግጠውም» አሉ። ለፋሲካ የላከችላቸውንም ጋቢ ባመጣው አባዱላ መለሱት፤ «የጎል ጋቢ አልለብስም» ብለዋል አላት የአባዱላው ሹፌር፣ እየሳቀ። ይኸው ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ለጉዳይ ደብረ ብርሃን ሲመጡ ደጀ ሰላም ቆመው ደውለው ያስጠሯታል፣ መስቀል ያሳልሟታል፣ ስለ ጸሎቷ ጠይቀው ይሄዳሉ።

ይህ ነገር እናናየሁን አንጀቷን አሳርሯታል። አርባ ቢሞላትም ልጅ ናት። ባሏ መንገድ ላይ ሲኖር ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ክፍል ነው፤ አባቷ አንድ ቀን ገብተው በገዛችው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ትፈልጋለች፤ ይኸው ነው። ደግሞ ቢገቡስ ምን ሊያዩ ነው? አንዱ ቴሌቪዥን ላይ ሰው በሰው ላይ ይተኩሳል። ሌላው ላይ ሰው የሰው ጭንቅላት ላይ ይዘላል። ኳሱ ላይ ደግሞ ተጫዋቾቹ ጨዋ ናቸው፣ ወንበር ላይ ያሉት ናቸው የሚሰዳደቡት።

እንዲህ ስትብሰለሰል ነው ኤልሮኢ የቅናሹን ወሬ ያመጣችላት። ኤልሮኢ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ትማራለች፤ ከዶርሟ ይልቅ የሃያ ጎረምሳ ትንፋሽ ያለበት ቤት ይሞቃል ብላ ላፕቶፗን አቅፋ ጌም ቤቱ ጥግ ነው የምታጠናው።

«እትዬ፣ አንድ ጨዋታ በጣም ቀንሷል። ከተማ መሥራት ነው። ቅናሹ እሑድ ያበቃል።»

«ይተኮሳል?»

«አይተኮስም።»

«ይሰዳደባሉ?»

«ማን ከማን ጋር?»

«ሰው ይሞታል?»

ኤልሮኢ ትንሽ አሰበች። «ካልታመመ አይሞትም።»

የእናናየሁ ልብ ዘለለ፤ ፊቷ ግን የነጋዴ ፊት ስለሆነ ምንም አላሳየም። «እና ለምን አትገለብጪልኝም? በዚህ አገር ጨዋታ ገዝቶ የተጫወተ ማን አለ?»

«ይኼ አይገለበጥም። በዱባዩ አጎቴ ካርድ ነው የምንገዛው። ደግሞ ተጫውተሽበት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካልወደድሽው ይመልሱልሻል።»

«ተጫውቼበት ይቀበሉኛል? እነዚህ ሰዎች ነጋዴ ናቸው ወይስ መነኩሴ?» አለች እናናየሁ። በዚሁ ተስማሙ። ጨዋታው የኤልሮኢ ላፕቶፕ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እየተንፏቀቀ ሲጫን አድሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ተከፈተ።

ለሙከራ የተመረጠው ገብረአማኑኤል ነው። ገብረአማኑኤል ባጃጅ ነጂ ነው፤ አማኑ ነው የሚሉት፤ ያለ እሱ ያ ቤት አይቆምም። ምክንያቱም ሁልጊዜ ይሸነፋል። በኳስ ይሸነፋል፣ በቡጢ ይሸነፋል፣ በመኪና ውድድር፣ ሥራው መንዳት ሆኖ ሳለ፣ ይሸነፋል። እናናየሁ አዲስ ጨዋታ ስትገዛ የምትጠይቀው አማኑ ስንት ጊዜ እንደሚሸነፍበት ነው።

በማያው ላይ ባዶ አገር መጣ። ተራራ፣ ገደል፣ ከተራራው ወደ ገደሉ የሚወርድ ወንዝ። ኤልሮኢ ማውሱን ይዛ፣ አማኑ ከንቲባ ሆኖ ማዘዝ ጀመረ።

«የምበላበት ቁልፍ የቱ ነው?» አለ መጀመሪያ።

«ምኑን ነው የምትበላው?»

«ከንቲባ አይደለሁ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»

«እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም።»

«እንግዲያው ጨዋታው አላለቀም፤ ገና እየሠሩት ነው ማለት ነው» ብሎ አዘነ። ከዚያ ግን ሞቀው። መንገድ አስወጣ፤ አደባባይ ብቻ ሰባት አሠራ። ኤልሮኢ የመጠጥ ውሃውን ከወንዙ ራስ ላይ አስጠለፈች። «ፍሳሹንስ?» ስትለው፣ «ከሰፈሩ በላይ ልቀቂው፣ ከላይ የመጣ ነገር ወደ ታች መውረዱ አይቀርም» አላት። ከውሃው መጥለፊያ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ለቀቀችው፤ ከበታች የሚጠጣው ስላልነበረ ማንም አልተጎዳም። ቤቶች በቀሉ። ትናንሽ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ። በየጣሪያው ላይ አረንጓዴ የሳቀ ፊት ብቅ ብቅ አለ።

አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን እናናየሁ መጣች። «ማን አሸነፈ?»

«ማንም» አለች ኤልሮኢ።

«ማን ተሸነፈ?»

«ማንም። ከተማ ነዋ እትዬ፣ አያልቅም።»

አማኑ ከወንበሩ ተነሳ፣ ጃኬቱን አራገፈ። «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሸነፍ ዋልኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሳይከፍል ወጣ። እናናየሁ በሩን እያየች ቀረች። ተሸናፊ የሌለው ጨዋታ ከፋይም የለውማ!

«መልሺልኝ» አለች።

«በሰዓት አታስከፍያቸውም?»

«በሰዓት የሚያስከፍል አልቤርጎ ነው! መልሺልኝ ብዬሻለሁ።»

ከጨዋታዎቿ ሁሉ መካከል ለአባቷ የምታሳየው ይህ ብቻ ነበር። ማንም የማይገድልበት፣ ማንም የማይሰደብበት ጨዋታ ተገኘ፤ እሱም አያበላም። ኤልሮኢ የመመለሻውን ገጽ ልትከፍት ስትል ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ኳ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ በረዶው እንደ ጠጠር ጭነት ተገለበጠ፣ ኔትወርኩም ሄደ።

አማኑ እየሮጠ ተመልሶ ገባ። «እትዬ! አባትሽ ደጅ ቆመዋል!»

መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ የቀድሞ መነጽራቸው ላይ ራሳቸው ተቀምጠውበት ስለሰበሩት አዲስ ሊወስዱ ነበር የመጡት። መነጽሩን ወስደው፣ ደውለው ደውለው፣ እናናየሁ በጩኸቱ ስልኳን አልሰማችም። ከጌም ቤቱ ማዶ ሆነው ሊያስጠሯት ሲሉ በረዶው ያዛቸው። አሁን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ጥላቸው በስቶ፣ ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«አባባ! ይግቡ እንጂ!»

«እዚሁ ደህና ነኝ።»

«ኧረ በማርያም! ሊገድልዎ ነው እኮ!»

«እግሬ አይረግጠውም ብያለሁ። ቄስ በሰው ፊት የተናገረውን አያጥፍም።»

በረዶው ከሽንብራ ወደ ባቄላ አደገ። አንዱ የመምሬን ጥምጣም ሲመታ አማኑ ዘሎ ወጣ። «ይፍቱኝ አባ» ብሎ መስቀል ተሳለመና፣ «እግርዎ አይደል እንዳይረግጥ የተባለው?» አላቸው። መልስ ሳይጠብቅ፣ እንደ ጤፍ ኩንታል ብድግ አድርጎ አቀፋቸው። መምሬ «ኧረ አንተ ልጅ! ኧረ አንተ ባለጌ!» ሲሉ ደፉን አለፈ፣ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ ጫማቸው ወለሉን ሳይነካ የለስላሳ ሳጥን ከሥር አስገባላቸው። ቃላቸው አልታጠፈም። እናናየሁ መሳቅ ፈልጋ፣ ማልቀስም ፈልጋ፣ ሁለቱንም ዋጥ አድርጋ ጋቢ አምጥታ ደረበችላቸው።

«ይህ ጋቢ የማን ነው?»

«የርስዎ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ጋቢውን ዳበሱት። ብርዱ ብርድ ነው፤ አላወለቁትም። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኖቹ አሽሽተው ተቀመጡ። ከኋላቸው ኳስ የሚጫወቱት ሁለት ልጆች አንደኛው ተሸነፈና እንደ ልማዱ ጮኸ። «ድገም!»

መምሬ ደንገጥ አሉ። «ምኑን ነው የሚደግመው? እዚህ ቤት ጸሎት አለ?»

«አይ አባ» አለ አማኑ፣ «የተሸነፈ ሰው 'ድገም' ይላል። እንደገና እንጫወት ማለት ነው።»

«ድገም ማለት እንዲህ ሆነና ቀረ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እስቲ ይህ መነጽር ሩቅ ያሳይ እንደሆነ...» ብለው አዲሱን መነጽር ሰኩና ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን ዞሩ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይኼ ነው!

በማያው ላይ ያ ተራራ፣ ያ ገደል፣ ያ ወንዝ። መምሬ አንገታቸውን አሰገጉ።

«አንኮበር ነው እንዴ?»

«ጨዋታ ነው አባ፣ ከተማ ነው የምንሠራው» አለች ኤልሮኢ።

«ቤተ ክርስቲያኑ የታለ?»

«እሱ ገና አልተከፈተም። ሕዝቡ ሲበዛ ነው የሚፈቅደው።»

«ማን ነው የሚፈቅደው?»

«ጨዋታው።»

«ሰው ታቦት በሌለበት አገር ሻንጣውን ይዞ ይገባል? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እነዚህ?» ቆጣ አሉ። «ሕዝቡ ሲበዛ ነው ካልሽ በያ አብዢው! ያን ጉብታ ማንም እንዳይነካው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ነው። ዛፍ ትከይበት። ቤት ወደዚህ፣ ወደ ዳገቱ። ገበያው ወደዚያ፣ ራቅ ይበል። ይህን ሁሉ አደባባይ የሠራው ማን ነው? ሰው እየዞረ እንዲያብድ ነው?»

አማኑ አቀርቅሮ ጥፍሩን ያይ ጀመር። እናናየሁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች። አባቷ ያዛሉ፣ ኤልሮኢ ታስቀምጣለች፣ ቤቶች ይበቅላሉ። ሕዝቡ በዛ፣ ቤተ ክርስቲያንም ተፈቀደ። የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሹል። መምሬ አፍንጫቸውን ነፉ፣ ግን ጉብታው ላይ አስቀመጡት። «ክብ ማድረግ አልቻሉም? እሺ ይሁን።»

ከዚያ ወንዙን አዩት። «ውሃው ለምን እዚያ ላይ ሆነ? ውሃ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ነው የሚቀዳው። ጠበል ከላይ ሆኖ ያውቃል? አውርጂው።»

ኤልሮኢ ማውሱን አቆመች። «አባ፣ እንዲያ ከሆነ ፍሳሹ ከበላይ ይሆናል። ወደ ውሃው ይገባል።»

«ከታቦት ሥር ለሚፈልቅ ውሃ ፍሳሽ ምኑ ነው? አውርጂው ልጄ።»

ኤልሮኢ አፏን ከፈተች። አማኑ በክርኑ ጎሸም አደረጋት፤ ከቄስ ጋር ስለ ጠበል የሚከራከር ማን አለ? ኤልሮኢ አወረደችው።

ጥቂት ጊዜ ደህና ነበር። ከዚያ በአንዱ ጣሪያ ላይ ያለው አረንጓዴ ፊት ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ የጎረቤቱ። ዳገቱን ሁሉ ቢጫው ወረረው፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ሄደ። አምቡላንስ መሮጥ ጀመረ፤ አማኑ በሠራቸው አደባባዮች እየዞረ የትም አይደርስም። ከዚያ በየቤቱ ላይ የራስ ቅል ምልክት ወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ መምሬ።

አማኑ ወደ ኤልሮኢ አየ።

«ይህ የራስ ቅል ምንድን ነው ልጄ?»

«የሞቱ ናቸው አባ» አለች ኤልሮኢ። «ውሃው... ታመው ነው።»

«እና ለምን አይቀበሩም?»

«መቃብር አልሠራንም። ማንም አላስታወሰንም።»

«ሞተው ቤት ውስጥ ናቸው?»

«ጨዋታ ነው እኮ አባባ» አለች እናናየሁ። ያሰበችው ሁሉ እንዲህ ሆኖ ሊበላሽ! ሰው የማይሞትበት ጨዋታ ብላ የመረጠችው ጨዋታ፣ እዚያ ቤት ውስጥ በሦስት ዓመት ከሞተው ይልቅ በአንድ ጊዜ ፈጀ። ያውም በአባቷ እጅ።

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፣ ደንቆሮ መሰልኩሽ?» አሉ መምሬ። «ነገር ግን ውሃውን አውርጂ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህቺ ልጅ ነግራኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቄስ ነኝ፤ ሰው ሞቶ እያየሁ ዝም ብዬ አልቀመጥም።»

ብድግ አሉ። ከኪሳቸው የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። ከሳጥኑ ላይ ወርደው፣ ሁለት እግራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ቆሙ። እናናየሁ እግራቸውን አየች። አማኑም አየ። አንዳቸውም አልተነፈሱም።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብለው ጀመሩ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ የቆመውን ሰውዬ እንደቆመ ትተው ጆይስቲካቸውን አስቀመጡና ተነሱ። ቆብ ወለቀ። ማስቲካ ተዋጠ። ተኳሹም ቆመ። ጌም ቤቱ በሙሉ፣ ስማቸው ለማይታወቅ፣ ለማይጸድቁም ለማይኮነኑም ሙታን፣ በረዶው ጣሪያውን እየደበደበው ጸጥ ብሎ ቆመ። መምሬ ባጭሩ ፈቱና በመስቀሉ ማያውን ባርከው ጨረሱ።

በረዶውም ጋብ አለ። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆነ። አማኑ ግን ልማድ የሚሉት ክፉ ነገር አለበት፤ ሳያስበው፣ «ተሸናፊ...» አለና ምላሱን ነከሰ።

በዚህ መሃል የኤልሮኢ ላፕቶፕ ጢው አለ። «እትዬ፣ ኔትወርኩ መጣ» አለች በሹክሹክታ። «ሁለት ሰዓቱ ሊሞላ ነው። ልመልሰው?»

እናናየሁ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት አባቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«ድገሚ» አሏት።

ከፍትሐት በኋላ ቄስ ድገሚ ካለ ምን እንደሚደገም ሕፃንም ያውቃል። እናናየሁ በስልክ ስትዋሽ የኖረችው ሁሉ ትዝ ብሏት ላብ አሰመጣት፤ ከዚያ ግን ከንፈሯ ብቻውን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ «አቡነ ዘበሰማያት...» ብሎ ጀመረ። አማኑ ተከተላት። ኤልሮኢ ተከተለች። ሁለቱ ኳስ ተጫዋቾች፣ በሩ ላይ ከበረዶ የተጠለለው ሊስትሮ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ መሃል ላይ እጃቸውን አንስተው የሆነ ነገር ሊሉ ነበር፣ ተዉት። ቄስ ጸሎት አያቋርጥም። ራሳቸውም እስከ መጨረሻው አብረው ደገሙ።

«አሜን» አሉ ሲያልቅ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉ። «ደግ ነው። አለመርሳትሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ድገሚ ያልኩሽ ግን ከተማውን ነው።»

ቤቱ ውስጥ ማንም አልሳቀም፤ ለመሳቅ ማን ድፍረት አለው? እናናየሁ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አትመልሺው» አለቻት ኤልሮኢን። ከዚያ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ባንኮኒውን ዞራ መጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ መጀመሪያ የተሸነፉበትን ይክፈሉ።»

አማኑ አማተበ። መምሬ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ምን አልሽ?»

«እዚህ ቤት ተሸናፊ ይከፍላል። ሳይከፍል የሚደግም የለም። ቄስም ቢሆን።»

መምሬ የነጠላቸውን ጫፍ ሳቡ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱ፣ እጥፍጥፍ ያለች ብር አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡ። እሷም እንደማንኛውም ደንበኛ ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች።

«ሥርዓት አለው ለካ» አሉ።

ወንበራቸውን በእጃቸው ስበው ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉና ተቀመጡ። አማኑ ሮጦ የለስላሳውን ሳጥን ከእግራቸው ሥር ሊያስገባላቸው አጎነበሰ።

«ውሰደው ልጄ፣ ያደናቅፈኛል» አሉት። ወደ ኤልሮኢ ዞር ብለው፣ «በይ መጀመሪያ ፍሳሹ ከታች ይሁን። መቃብሩንም እንዳትረሺ» አሏት።